የሐሙሱ ዜና አንባቢ

መምህር አስረስ ማረፋቸውን የነገረኝ ገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ ውስጥ ያገኘሁት የድሮ ተማሪያቸው ነው። «መምህር አስረስ ሞቱ» አለኝ። በቃ፣ ሦስት ቃል። ሌላ ይጨምር እንደሆነ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት፤ እሱ ግን ጆንያውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ወደ ሚዛኑ ሄደ። መምህር አስረስ ይህን ቢሰሙ ኖሮ፣ «ይሄ ዜና ነው? ይሄ ሊጥ ነው! ተመለስና ጋግረህ አምጣው» ብለው ከመንገድ ይመልሱት ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀድሞ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። የሳቸውን ዜና ማን አነበበው የሚል ጥያቄ ነበር።

የተዋወቅነው በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ በምሥራቅ ሱዳን፣ ከሾዋክ ከተማ በሎሪ የሁለት ሰዓት መንገድ በሆነ የስደተኛ ሠፈር ነው። ምድሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ጫማ ይውጣል፣ በጋ ይሰነጠቅና ጠመኔ ይውጣል። ትምህርት ቤታችን ሦስት ራኩባ ነበር፤ አራት ቋሚ፣ ከላይ ሣር፣ ከጎን ነፋስ። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በመጣ ቁጥር ከሦስቱ አንዱ ይወድቃል፤ ሁለተኛ ክፍልም ሳይፈተን ወደ ሦስተኛ ክፍል ይዛወራል። ትምህርቱ እስከ አራተኛ ብቻ ነው። ሁለት ረዳቶች ነበሯቸው፤ ግን ርእሰ መምህሩም፣ የአራተኛ ክፍል አስተማሪውም፣ ደወል ደዋዩም፣ ከራኩባው ላይ ፍየል አባራሪውም መምህር አስረስ ነበሩ።

ረጅም አንገት፣ ቀጭን እግር፣ በመካከሉ ኮት። ሰው ሁሉ በከነቲራ በሚንከራተትበት ሐሩር እሳቸው ከደባርቅ ብርድ ያመጡትን ወፍራም የሱፍ ኮት ለብሰው ይውሉ ነበር። የመነጽራቸው አንዱ ጆሮ ተሰብሮ በሲባጎ ታስሯል። «መምህር፣ ኮቱን ቢያወልቁትስ?» ሲሏቸው፣ «ከሥሩ ያለውን ሸሚዝ ብታየው እንዲህ አትለኝም» ይላሉ። ሠፈሩ «ራዲዮ» ብሎ ሰይሟቸዋል። ሲያስሉ «ባትሪው ደከመ» ይባባላሉ፤ ሲቆጡ «ጣቢያ ቀየረ» ይባላል። ይህን ስም ያውቁት ነበር። እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ስሙ የመጣው ከሐሙስ ነው። በሱዳን ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሐሙስ የሳምንቱ መጨረሻ ነው፤ ሐሙስ ጧት ልጆቹን አሰልፈው የተገለበጠ በርሜል ላይ ይወጡና የትምህርት ቤቱን ዜና ያነባሉ። ዜናው የተማሪዎቹ ሥራ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ድምፃቸውን ከሆዳቸው ያመጡታል፤ ለውሃ የተሰለፉት ሴቶችም ሳይወዱ ይሰማሉ።

«የአንደኛ ክፍል ተማሪ ካሳ፣ ጫማ ሳይኖረው ጫማ የሚለውን ቃል ያለ ስሕተት ጽፏል።»

«የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ፋጡማ ከውሃ ታንከሩ እስከ ቤቷ ጀሪካን ተሸክማ ስትሄድ የስምንትን ማባዛት ጨርሳለች። ቤቷ ትንሽ ቢርቅ ዘጠኝም ባለቀ ነበር።»

«ተማሪ ደሳለኝ በዚህ ሳምንት ማንንም አልመታም። ረቡዕን ሳይጨምር።»

ሕጋቸው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ በወር ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ልጅ መኖር የለበትም። ወሩ ሊያልቅ ሲል ስሙ ያልተጠራ ልጅ ካለ፣ መምህር አስረስ ከሰዓት በኋላ ጎጆ ለጎጆ እየዞሩ የዚያን ልጅ ሥራ እንደ ጠፋ በግ ይፈልጉታል። አንዴ የአንድን ልጅ ሥራ ሦስት ቀን ፈልገው አጡና፣ «ተማሪ ንጉሤ በዚህ ወር በሁለት ጣት ቁመት ጨምሯል፤ ይህንንም ያለ በቂ እህል አድርጎታል» ብለው አነበቡ። የንጉሤ እናት ከውሃው ሰልፍ ወጥታ እልል አለች።

ሁለተኛው ሕግ ሞት አይነበብም የሚለው ነው። በዚያ ዓመት ሠፈሩ ውስጥ የሚለፈፈው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የቀብር ሰዓትና የእህል ቀን። «ዜና ማለት የሚቀጥል ነገር ነው» ይሉ ነበር። «ሞት አይቀጥልም። ስለዚህ ዜና አይደለም። ለሱ ካህንም ሼህም አሉለት።»

እኔ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከመተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቼ በዚያው የቀረሁ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት አብሮኝ ከሚያጭድ ዲያቆን ነው፤ ለምሳ በተቀመጥን ቁጥር በማጭዱ ጫፍ አፈር ላይ ይጽፍልኝ ነበር። ሁለት መቶ ምናምን ፊደል እንደ ጨረስኩ ገጣሚ ነኝ ብዬ ወሰንኩ። እና በአንዱ ረቡዕ፣ ሆዴም ባዶ ነበር፣ በትምህርት ቤቱ መጋዘን ቆርቆሮ በር ላይ በከሰል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤

ዜናውስ ጠግበናል በየሐሙስ ጧቱ፣
እህሉም ቢነበብ ምን ነበር ክፋቱ።

በማግስቱ ልጆቹ እየሳቁ ሲያነቡት ከሩቅ ቆሜ እሰማለሁ። መምህር አስረስ በርሜላቸው ላይ ወጡ። አነበቡ፣ አነበቡ፣ በመጨረሻም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልዩ ዜና። ስሙ ያልታወቀ ጎረምሳ በመጋዘናችን በር ላይ ቤት የሚመታ ግጥም ጽፏል። በሩ የጽሕፈት ሰሌዳ መሆን እንደሚችል ስላሳየን ትምህርት ቤቱ ያመሰግናል። ከነገ ወዲያ ሦስተኛ ክፍል በበሩ ይማራል።»

ሲወርዱ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ አይደለሁም፣ መምህር።»

«እጅህን።»

እጄ ከሰል ነበር።

«ስድብህ ደካማ ነው» አሉ። «ጽሕፈትህ ግን የሰው ነው። ስድቡን እኔ አስተምርሃለሁ፤ አንተ ዜናውን ትጽፍልኛለህ።»

እንዲህ ሆኜ የራዲዮው ጸሐፊ ሆንኩ። በካርቦን ሦስት ቅጂ እጽፋለሁ፤ አንዱ በሩ ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ ሣጥናቸው ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ሾዋክ ላለው የስደተኞች ጽሕፈት ቤት በውሃ ታንከሩ ሾፌር እጅ ይላካል። ሾዋክ ላኩልን አላለም። ደርሶናልም አላለም።

«መምህር፣ ይህን ማን ያነበዋል?»

«አንተ ግጥምህን ማን ያነበዋል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም።

አሁን ስለ ብርቱካን ልናገር፤ የመምህር አስረስ ነገር ያለሷ ሙሉ አይሆንም።

ብርቱካን የአያ ተገኘ ልጅ ናት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ከጭልጋ የመጡ። አባትና እናት ቀድመው የሺን፣ ታላቂቱን፣ ይዘው መጡ፤ ብርቱካን ከአጎቷ ጋር በኋላ ደረሰች። ድንበር ላይ ቤተሰቡ ሲቆጠር ካርዱ ላይ የተጻፈው አባት፣ እናት፣ የሺ ነው። የሺ ሠፈር በገባች በሳምንቱ ኩፍኝ ያዛትና ሞተች። ብርቱካን የደረሰች ዕለት የእህል ቀን ነበር። ጸሐፊው ከካርዱ ላይ «የሺ ተገኘ!» ብሎ ሲጣራ አባትየው የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ትንሿን ከጀርባዋ ገፏት። ልጅቱም «አቤት» አለች። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ በየእህሉ ቀን የሞተች እህቷን ስም ሲጠሩ አቤት የምትለው እሷ ሆነች። የሞት ወሬ ወደ ሾዋክ እንዳይደርስም ቤተሰቡ ለየሺ ለቅሶ አልተቀመጠም። በጠዋት ቀበሯት፣ ዝም አሉ።

ይህን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማንም አይናገርም፤ እንደዚያ ያለ ካርድ ያለው ቤት አንድና ሁለት አይደለምና። ትምህርት ቤት ግን የእህል ካርድ አይጠይቅም። መምህር አስረስ «ስምሽ ማን ነው?» ብለው ጠየቋት፣ «ብርቱካን» አለች፣ ብርቱካን ብለው ጻፉ።

ልጅቱ እሳት ነበረች። ጥያቄ ሳይጨርሱላት መልሱን ትጨርሳለች። መምህር አስረስ ፊት ለፊት አያመሰግኗትም፤ ሐሙስ እስኪደርስ ግን አፋቸው ይበላቸዋል።

ዓመቱ ሲያልቅ በዙሪያው ላሉት ስድስት ሠፈሮች የአራተኛ ክፍል ፈተና ተሰጠ። አንደኛ የወጣ ልጅ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ማደሪያም ምግብም ያለው ትምህርት ቤት ይገባል። ውጤቱ በታንከሩ ሾፌር እጅ ማክሰኞ መጣ፤ አንደኛ፣ ብርቱካን ተገኘ።

ሐሙስን መጠበቅ የት አባቱ! መምህር አስረስ በኮታቸው እየሮጡ ደወሉን ደወሉ፤ ከርዝመታቸው የተነሣ ሲሮጡ የሚወድቅ አጥር ይመስላሉ። በርሜል ላይ ወጡና ዜናውን ሦስት ጊዜ አነበቡ። ከዚያም ለሾዋክ ልዩ ዜና አስጻፉኝ። «ዜና ሙሉ መሆን አለበት» ብለው የአባቷን ስም፣ የመጡበትን አገር፣ የቤቱን የእህል ካርድ ቁጥር ሳይቀር አስገቡ። በመጨረሻም የልጅቱን ስምና የካርዱን ቁጥር በዐረብኛ ፊደል በገዛ እጃቸው ደገሙበት። ለምን ቢባል፣ ዐረብኛ መጻፍ እንደሚችሉ ሾዋክ እንድታውቅ ነው።

ሾዋክ በሁለተኛው ቀን መልስ ሰጠች። መልሱ በላንድሮቨር መጣ።

የካርዱ ሹም ኢድሪስ ይባላል፤ ሱዳናዊ ነው፣ ገላባት ተወልዶ ስላደገ አማርኛ ይናገራል፣ ማንበብ ግን አይችልም። አማርኛው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ሽማግሌውንም ቄሱንም አንተ ነው። መዝገቡን ራኩባው ሥር ዘረጋና፣

«ያ ኡስታዝ፣ በዚህ ቁጥር ብርቱካን ማፊ» አለ። «የለችም። ያለችው የሺ ናት። አንተ ብርቱካን ብለህ ጽፈህ ላክህ። ወይ ትምህርት ቤቱ ተሳስቷል፣ ወይ ካርዱ ዋሽቷል። ትምህርት ቤቱ ከተሳሳተ ስሙን አስተካክልና የሺ ገዳሪፍ ትሂድ። ካርዱ ከዋሸ ግን ባለቤቱ ካርዱን ይዞ እሑድ ሾዋክ ይምጣ። ኸላስ።»

ላንድሮቨሩ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። መምህር አስረስ አቧራው ውስጥ ቆመው ቀሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሉት አጡ።

ሠፈሩ ግን አላጣም። «ራዲዮው አፉን ቢዘጋ ምን ነበር?» «የኛን ካርድ ቁጥር ደግሞ መቼ ሊያነበው ነው?» አያ ተገኘ ራሳቸው መጡ፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ እጃቸውን ከጀርባ የሚያጣምሩ ሰው።

«መምህር፣ እባክዎን የሺ ይበሏት» አሉ። «ልጅቱ ትማር። ስም ሆድ አይሞላም። ካርዱን ከቀሙኝ በምን ላበላቸው ነው?»

እኔም በዚያው አገዝኳቸው። ምን አለበት? አንድ ስም ፍቆ ሌላ መጻፍ ነው። መምህር አስረስ የተማሪ መዝገቡን አወጡ፣ ምላጭም አወጡ። «ስሕተቱ የኔ ነው» አሉ፤ «ቁጥሩን ያስገባሁት ለጉራ ነው። እፍቀዋለሁ። አንተም ያለፉትን ዜናዎች በየሺ ስም ገልብጣቸው።»

ምላጩ ወረቀቱን ሲነካ ብርቱካን ደረሰች። ማን እንደነገራት አላውቅም። አባቷን አላየችም፣ እኔንም አላየችም።

«መምህር፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልጄ፣ ትንሽ ማስተካከል ነው። አንቺ ትምህርትሽን...»

«አንደኛ የወጣው ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ ማን ነኝ?»

ምላጩን አስቀመጡት።

«በእህል ቀን የሺ ነኝ» አለች። «ሁልጊዜ አቤት እላለሁ። እማዬ ያን ቀን አታየኝም፤ ፊቷን ታዞራለች። እዚህ ብቻ ነው ብርቱካን የሆንኩት። ገዳሪፍም የሺ ሆኜ ከሄድኩ፣ ብርቱካን የት ትሂድ?»

ከፍ ያለ ድምፅ አላወጣችም፤ እንባም አልነበራትም። ሒሳብ እንደምትጠይቅ ነበር የጠየቀችው፣ መልሱን ጠብቃ ቆመች። መምህር አስረስ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሲባጎው ተጠላለፉ፣ መልሰው አደረጉት።

«አያ ተገኘ» አሉ፣ «እሑድ ሾዋክ እንሂድ።»

«ካርዱን ቢቀሙኝስ?»

እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱና የራሳቸውን የእህል ካርድ አወጡ። የአንድ ሰው ካርድ ነው፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም። አያ ተገኘ እጅ ውስጥ አኖሩት።

«ከቀሙህ ይሄንን ትይዛለህ። እኔ ብዙ አልበላም። የሚያወራ ሰው አይበላም፣ ጠይቀው» አሉ ወደኔ እየጠቆሙ።

አያ ተገኘ ካርዱን አገላብጠው አዩት። ማንበብ አይችሉም፣ ግን አዩት። መልሰው ሰጧቸው። «የራስዎን ይያዙ» አሉ። «እሑድ እሄዳለሁ።»

መምህር አስረስ በማግስቱም ቅዳሜም የተኙ አይመስለኝም። እሑድ ማለዳ አራታችን በማሽላ ሎሪ ላይ ተሳፈርን፤ አያ ተገኘ፣ ብርቱካን፣ እኔና መምህር አስረስ። መምህር አስረስ ሣጥናቸውን ጭነዋል፤ የዓመቱ ዜና ቅጂ በሙሉ አለበት። በሎሪው ላይ የተቀመጡትን ሱዳናውያን ሁሉ፣ በመንገድ የሚያልፈውንም ሁሉ፣ ሰላም አለይኩም፣ ከይፍ ሐልክ፣ ታማም፣ አልሐምዱሊላህ ብለው የሁለቱንም ወገን ድርሻ ራሳቸው ይሉት ነበር። ሲጨንቃቸው እንደዚህ ነው።

የኢድሪስ ክፍል ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የሻይ ብርጭቆዎች። መምህር አስረስ ሣጥኑን ሲከፍቱ ኢድሪስ እጁን አነሣ።

«አትክፈት። አለኝ» አለና መሳቢያውን ሳበ። የላክናቸው ዜናዎች ናቸው፣ ሁሉም፣ በየሳምንቱ የላክነው፤ በላያቸው ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ክብ አትሞባቸዋል። «ምን እንደሚሉ አላውቅም። ግን ጽሕፈቱ ጥሩ ነው፣ መጣል አስጠላኝ። ያ ዞል፣ አንተ ነህ የጻፍከው? ብርቱካን ያለችበትን አንብብልኝ።»

በሕይወቴ ግጥሜን ለሕዝብ አንብቤ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያ ንባቤ ይህ ሆነ። ከሻይ ክቦቹ መካከል እየፈለግሁ አነበብኩ። ተማሪ ብርቱካን የጠፋ ጠመኔ ከፍየል አፍ አስጥላለች። ተማሪ ብርቱካን ለሁለተኛ ክፍል ማንበብ አስተምራለች፤ ሁለተኛ ክፍል ግን ገና አልተማረም። ተማሪ ብርቱካን ተገኘ፣ መምህሩ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ስልሳ አራት ነው ሲሉ፣ ስልሳ ሦስት ነው ብላ አርማለች፤ መምህሩ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ኢድሪስ ሳቀ። «ይሄን አንተ ራስህ ጻፍክ?» አላቸው መምህሩን።

«ዜና ነዋ» አሉ።

ወደ ልጅቱ ዞረ። «ሰባት ጊዜ ዘጠኝ?»

«ስልሳ ሦስት» አለች።

«ጠይብ፣ ጥሩ። ብርቱካን አለች። ይህን ሁሉ ሳምንት የሌለች ልጅ ይህን ሁሉ አትሠራም።» ብዕሩን አነሣ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። «የሺስ የታለች?»

አያ ተገኘ እጃቸውን ከጀርባ አጣመሩ። ሞተች የሚለውን ቃል ከቀበሯት ጀምሮ ለማንም ተናግረውት አያውቁም።

ኢድሪስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳትጻፍ አልሰርዛትም። ጻፍልኝ፣ ኡስታዝ። ስም፣ ዕድሜ፣ መቼ፣ በምን።»

መምህር አስረስ ወረቀቱን ተቀበሉ። ከልማዳቸው ካርቦን ከሥሩ አስገቡ። ስሟን ጻፉ፣ አሥራ ሦስት ብለው ዕድሜዋን ጻፉ፣ ከዚያ ብዕሩ ቆመ። ሞት ጽፈው አያውቁም። አንገታቸውን ወደ አያ ተገኘ አዘነበሉና በለሆሳስ ጠየቁ፤ «ልጅቱ በመንገድ ምን ትሠራ ነበር?»

«ምን ትሠራለች?» አሉ አባትየው። «ውሃውን እሷ ነበር የያዘችው። እናቷ ደክማ ነበር። ስምንት ቀን ቅሉን እሷ ያዘችው።»

መምህር አስረስ ጻፉ። ጨርሰው ለእኔ ሰጡኝ፤ ኢድሪስ ስለማያነብ ማንበቡ የኔ ሥራ ነው። አነበብኩ።

«ተማሪ የሺ ተገኘ፣ ዕድሜ አሥራ ሦስት። ከጭልጋ እስከ ድንበር ስምንት ቀን በእግሯ መጥታለች። የእናቷን ውሃ ተሸክማ መጥታለች፤ ጠብታ አልደፋችም። ድንበር ላይ ስሟን ሲጠይቋት ራሷ ተናግራለች። ሠፈር በገባች በሳምንቷ በኩፍኝ ዐርፋለች።»

የሺ በትምህርት ቤታችን አንድ ቀን ተምራ አታውቅም። «ተማሪ» ያሉት ግን እሳቸው ናቸው፣ እኔ ምን ቤት ነኝ።

ኢድሪስ ጠረጴዛውን አየ። «እኔ የጠየቅሁህ መቼና በምን ነበር፣ ያ ኡስታዝ» አለ። ከዚያ «ኢና ሊላሂ» ብሎ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። መዝገቡ ላይ አንድ መሥመር ሰረዘ፣ ከሥሩ ብርቱካን ብሎ ጻፈ፣ ካርዱን መልሶ ለአያ ተገኘ ሰጠ። በሩ ላይ ስንደርስ ጠራን።

«እንዲህ ያለ ካርድ ሌላም አለ?»

መምህር አስረስ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም፤ ጆሮዬን ቀጥ አድርጌ ጠበቅሁ።

«እኔ የማውቀው የተማሪዎቼን ዜና ብቻ ነው» አሉ። «እሱን ደግሞ በየሳምንቱ እልክልሃለሁ።»

ኢድሪስ ሌላ አልጠየቀም። የምንሄድ መስሎኝ ነበር፤ መምህር አስረስ ግን ተመልሰው፣ ወደፊት ብርጭቆውን ዳር ዳር ላይ ቢያስቀምጥ ጽሑፉ እንደማይበላሽ አስረዱት።

ሠፈር የገባነው ፀሐይ ገና ሳትበርድ ነው። የብርቱካን እናት ጎጆው ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። አያ ተገኘ ካርዱን አሳዩዋት፣ ከዚያ የካርቦኑን ቅጂ ዘረጉ። አንብቡ ብንላቸው የማይችሉ ሰው፣ ሎሪው ላይ ደጋግመው አስነብበውኝ በቃላቸው ይዘውት ነበር። «ተማሪ የሺ ተገኘ» ብለው ጀመሩ። ሴትየዋ ጠብታ አልደፋችም የሚለው ላይ እስኪደርሱ ቆማ ሰማች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ዓመት ሙሉ ያልጮኸችውን ጮኸች።

ሠፈሩ ወጣ። ሲያሙ የነበሩትም ወጡ፣ «ራዲዮው» እያሉ የተሳደቡትም ወጡ። ለቅሶው እዚያው ደጅ ላይ ሆነ። መምህር አስረስ ኮታቸውን እንደለበሱ ገቡና ከሁሉም በላይ ጮኹ። ድምፃቸው ለዜና እንጂ ለለቅሶ አልተፈጠረም፤ የታነቀ ፍየል ነው የሚመስለው። ሴቶቹ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቅ መጣባቸው። እናትየዋ ራሷ ክንዳቸውን ያዘችና፣ «መምህር፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ እንችለዋለን» አለቻቸው። ተቀመጡ። ብርቱካን ከጎናቸው ተቀመጠች፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ገዳሪፍ ሄደች።

ከሴቶቹ አንዷ ወደኔ ዞረች። «አንተ ግጥም ትጽፋለህ አይደል? አውጣልን እንጂ!» ሁሉም አዩኝ። ፈለግሁ፤ ደረቴን፣ ጭንቅላቴን፣ ሁሉንም ፈለግሁ። አንዲት ስንኝ አልመጣችልኝም። ያኔ አንዲት አሮጊት ቀስ ብላ ጀመረች፤

«ውሃውን ተሸክማ፣ ጠብታ ሳትደፋ...»

ሌሎቹ ተቀበሏት። ደረት እየመቱ፣ ወደፊት ወደኋላ እያሉ፣ እስኪመሽ ይህንኑ መለሱት። የመምህር አስረስ ቃል ነው። ቤት አይመታም፤ ይህን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ሲያለቅሱ ሳይ ዘጋሁት፣ ደረቴንም እንደሌላው መታሁ።